ከተራራው ወደ መስመሩ፤ ስለ ረቂቅ የመልክዐ ምድር ሥዕልና ስለ መሐንዲሱ ዓይን

ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



በመሐንዲሶች ጉባኤ ፊት ስለ ሥዕል፣ ያውም ስለ ረቂቅ ሥዕል መናገር፣ ያለ ቦታው የገባ ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል። እንዲህ ባለው ጉባኤ የሚሰማው ብዙውን ጊዜ ስለ ኮንክሪት ጥንካሬ፣ ስለ መንገድ ንጣፍ ውፍረት፣ ስለ ጎርፍ ስሌትና ይህን ስለመሳሰለው ጉዳይ ነው። ሆኖም መሐንዲሱና የመልክዐ ምድር ሠዓሊው ከሚታሰበው በላይ የሚቀራረቡ ሰዎች ናቸው። ሁለቱም ሥራቸውን የሚጀምሩት ቆመው መሬትን በማየት ነው። ሁለቱም ካዩት ውስጥ ጥቂቱን ይዘው ብዙውን ይተዋሉ። ሁለቱም የያዙትን በወረቀት ወይም በሸራ ላይ በመስመር ያኖራሉ።

ልዩነታቸው በሚተዉት ነገር ላይ ይገለጣል። ሠዓሊው አንድ ዛፍ ከሥዕሉ ቢያስቀር ዛፉ በቦታው ይኖራል። መሐንዲሱ አንድ ዛፍ፣ አንድ ምንጭ ወይም አንድ የእግር መንገድ ከንድፉ ቢያስቀር ግን የቀረው ነገር ከምድሩም ላይ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ የመተውን ጥበብ ጠንቅቆ ማወቅ ከሠዓሊው ይልቅ ለመሐንዲሱ የሚያስፈልግ ሆኖ ሳለ፣ በዚህ ጥበብ ረጅም ዘመን የደከመው ሠዓሊው ነው። የዚህ ንግግር ዓላማም ከተፈጥሮ ተነሥተው ወደ ረቂቅ ሥዕል የደረሱ ጥቂት ሠዓሊዎች ምን እንዳደረጉ መርምሮ፣ ከሥራቸው ለምሕንድስና ሙያ የሚተርፈውን ትምህርት ማመልከት ነው። በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው አስቀድሞ ይታወቅ።

፩. «ረቂቅ» ስለሚለው ቃል

አንድን ነገር ለመረዳት ከስሙ መጀመር የቆየ ልማድ ነው። አውሮፓውያን ለዚህ ዓይነቱ ሥዕል የሰጡት ስም ከላቲን የመጣ ሲሆን ፍቺውም «ከአንድ ነገር ላይ ተስቦ የወጣ» ማለት ነው። ይህ ስያሜ ሥዕሉ ከየት እንደመጣ ያመለክታል፤ ከአንድ ነገር ካልሆነ በቀር ምንም ተስቦ አይወጣምና።

በአማርኛ የተሰጠው «ረቂቅ» የሚለው ስም ደግሞ ሌላ ጠቃሚ መልክ አለው። ረቂቅ ማለት በአንድ በኩል ቀጭን፣ ስውር፣ በእጅ የማይጨበጥ ማለት ነው። በሌላ በኩል ገና ያልጸደቀ፣ ሊታረም የሚችል ጽሑፍም ረቂቅ ይባላል፤ ረቂቅ ሕግና ረቂቅ ውል እንዲሉ። በመሐንዲሱ ጠረጴዛ ላይ ሁለቱ ፍቺዎች በአንድነት ይገኛሉ። ንድፉ ከመሬቱ ተስቦ የወጣ ቀጭን ነገር ነው፤ ደግሞም መሬቱ ራሱ ሊያርመው የሚችል፣ ያልጸደቀ ጽሑፍ ነው። የሙያው ስሕተት ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ይህ ሁለተኛው ፍቺ ሲረሳና ረቂቁ እንደ ጸደቀ ሲቆጠር ነው።

፪. ተራራን በመስመር የመዘነው ሰው

መሐንዲሶች «ረቂቅ ሥዕል አይገባንም» ሲሉ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ይሁን እንጂ በየዕለቱ ከሚገለገሉበት የእኩል ከፍታ መስመር፣ ማለትም ከኮንቱር፣ የበለጠ ረቂቅ የመልክዐ ምድር ሥዕል አይገኝም። በምድር ላይ እንዲህ ያለ መስመር የለም። ተራራ የወጣ እረኛ በኮንቱር ላይ ቆሞ አያውቅም። መስመሩ የሚገኘው በሰው አእምሮ ውስጥ ብቻ ነው፤ ግን ካለ እርሱ መንገድም ግድብም አይሠራም።

የዚህ መስመር ታሪክ ራሱ አስደናቂ ነው። በሆላንድ ምድር ቀያሾች የወንዝን ጥልቀት በእኩል መስመር ማሳየትን ቀድመው ጀምረው ነበር። በ1774 ደግሞ የእንግሊዙ የሥነ ፈለክ ሊቅ ኔቪል ማስክሊን ወደ ስኮትላንድ ተጉዞ ሺሃሊየን በሚባለው ተራራ ወገብ ላይ መሣሪያውን ተከለ። ዓላማው ተራራው ቱምቢውን በስበቱ ምን ያህል ወደ ራሱ እንደሚያዘነብል ለክቶ፣ ከዚያ ተነሥቶ የመሬትን እፍግታ ለማግኘት ነበር። ለዚህም የተራራው ቅርጽና መጠን መታወቅ ነበረበት። ከቅየሳው የተገኘው የከፍታ ቁጥር ግን እጅግ ብዙ ስለ ነበረ፣ ስሌቱ የተሰጠው የሒሳብ ሊቅ ቻርልስ ሃተን በቁጥሮቹ ጫካ ውስጥ ገባ። ከጫካው የወጣውም እኩል ከፍታ ያላቸውን ነጥቦች በመስመር በማገናኘት ነበር። ወዲያው የተራራው ቅርጽ በወረቀቱ ላይ ብቅ አለ። በ1778 የቀረበው ውጤት የመሬት አማካይ እፍግታ ከውሃ 4.5 እጥፍ ያህል መሆኑን የሚያመለክት ነበር። ዛሬ የሚታወቀው 5.5 ያህል ነው። አንድ ተራራ ለተጠቀመ ስሌት ይህ ጥሩ ግምት ነው።

እዚህ ላይ መታየት የሚገባው ነገር አለ። ሃተን የተራራውን ሣር፣ ጭጋግ፣ ድንጋይና ቀለም ሁሉ ተወ። የያዘው ከፍታን ብቻ ነው። ይህን ያደረገውም ጥያቄው ከፍታን ብቻ የሚፈልግ ስለ ነበረ ነው። ረቂቅነት ትክክል የሚሆነው ለተጠየቀው ጥያቄ ሲመጥን ነው። ጥያቄው ሲለወጥ ያው መስመር በቂ ላይሆን ይችላል።

፫. ሴዛንና የአንድ ተራራ ዕድሜ ልክ ጥናት

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ፖል ሴዛን በ1839 በደቡብ ፈረንሳይ፣ ኤክስ አን ፕሮቫንስ በምትባል ከተማ ተወለደ። ከከተማይቱ በስተምሥራቅ ሞን ሳንት ቪክቷር የሚባል 1,011 ሜትር ከፍታ ያለው የኖራ ድንጋይ ተራራ ይታያል። ከፍታው ለኢትዮጵያ ሰው ተራራ ላያሰኘው ይችላል፤ አዲስ አበባ ራሷ ከዚህ በእጥፍ ከፍ ብላ ትገኛለችና። ሴዛን ግን ይህን ተራራ በዘይትና በውሃ ቀለም በዐሥር የሚቆጠር ጊዜ ደጋግሞ ሥሎታል።

የዚህ ተራራ አካባቢ ለመሐንዲስ ልዩ ትርጉም አለው። በተራራው ግርጌ ባለው ገደል ውስጥ በ1854 የተፈጸመ፣ 42 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ቅስት ግድብ ይገኛል። ይህ ግድብ ከዘመናዊዎቹ ቅስት ግድቦች ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። የነደፈው መሐንዲስ ፍራንስዋ ዞላ ሥራው ሳይፈጸም በ1847 አረፈ። ልጁ ኤሚል ዞላ ደግሞ በኋላ ታላቅ ደራሲ የሆነው፣ በትምህርት ቤት ደግሞ የሴዛን የቅርብ ጓደኛ የነበረው ነው። ሁለቱ ልጆች በዚያው ሸለቆና ኮረብታ ሲንከራተቱ አደጉ። ስለዚህ የዘመናዊ ሥዕል አባት የሚባለው ሠዓሊ ዓይኑን የከፈተበት መልክዐ ምድር የመሐንዲስ እጅ ያረፈበት ነበር።

ሴዛንም ይህን እጅ ከሥዕሉ አላስወጣውም። በ1870 ገደማ ከሣላቸው ሥዕሎች በአንዱ ላይ በቀኝ በኩል ተራራው፣ በመካከል ደግሞ ለባቡር ሐዲድ የተቆረጠ ኮረብታ ይታያል። ዛሬ ሥዕሉ በሙኒክ ከተማ ይገኛል። ማንም የመንገድ መሐንዲስ ይህን ሥዕል ሲያይ ቆረጣውን ወዲያው ያውቀዋል፤ ቀዩ አፈር ተገልጦ እንደ ቁስል ይታያል። ከ1882 እስከ 1885 በሠራው ሌላ ሥዕል ላይ ደግሞ በአርክ ወንዝ ሸለቆ ላይ የተዘረጋው የባቡር ድልድይ በተርታ ቅስቶቹ ተራራውንና ማሳውን በአግድም ያያይዛል። ይህኛው በኒው ዮርክ በሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛል። በመጀመሪያው ሥዕል የሰው ሥራ መሬቱን ይቈርጣል፤ በሁለተኛው ግን ከመሬቱ ጋር ይስማማል። ሠዓሊው ስለ ምሕንድስና አንድ ቃል ሳይናገር በመጥፎና በመልካም አቀማመጥ መካከል ያለውን ልዩነት አሳይቷል።

ሴዛን ወደ ረቂቅነት ያደረገው ጕዞ ዝግተኛ ነበር። በ1890ዎቹ ውስጥ ቢቤሙስ ወደሚባለው የተተወ የድንጋይ ካባ ይመላለስ ጀመር። ለኤክስ ከተማ ሕንጻዎች ድንጋይ የወጣው ከዚህ ካባ ነው። የቀያሽና የድንጋይ ጠራቢ ሥራ የተወው ቀጥ ያለ ግድግዳ፣ የማዕዘን ጫፍና ጠፍጣፋ ገጽ ሴዛን ተፈጥሮን እንደ ገጾች ድርድር እንዲያይ ረድቶታል ማለት ይቻላል። በ1904 ለአንድ ወጣት ሠዓሊ በጻፈው ደብዳቤም ተፈጥሮን በሲሊንደር፣ በሉልና በኮን ቅርጽ ማየት እንደሚገባ መክሯል። ይህ ምክር ለመሐንዲስ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የአፈር ክምር መጠን የሚሰላው በዚሁ መንገድ ነውና።

በ1902 ሴዛን ከከተማይቱ በስተሰሜን፣ ሌ ሎቭ በሚባል ኮረብታ ላይ ስቱዲዮ አሠራ። ከዚያ ጥቂት ሽቅብ ወጥቶ ተራራውን ከፊት ለፊት ያይ ነበር። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የሠራቸው የሳንት ቪክቷር ሥዕሎች ከአረንጓዴ፣ ከቢጫና ከሰማያዊ ቀለም በተሠሩ አጫጭር ገጾች የተገነቡ ናቸው። ቤትና ዛፍ የሚለዩት በጭንቅ ነው። ሰማዩም የተሠራው ማሳው በተሠራበት ቀለም ነው። በአንዳንዶቹ ላይ ሸራው ቀለም ሳይነካው ባዶ የቀረበት ቦታ አለ። ሴዛን እርግጠኛ ያልሆነበትን ቦታ ባዶውን መተው ባላወቀው ነገር ከመሙላት የተሻለ መሆኑን ተረድቶ ነበር የሚል ሰው ከእውነት አይርቅም።

ይህ ባዶ ቦታ ለመሐንዲስ ትልቅ ትምህርት ነው። በአፈር ምርመራ በሁለት ጉድጓዶች መካከል ያለውን ንብርብር በቀጥታ መስመር ማገናኘት የተለመደ ነው። ንድፉ ላይ የሚታየው መስመር ግን የታወቀውንና የተገመተውን አይለይም። ሴዛን ቢሆን ኖሮ መካከሉን ባዶ ይተወው ነበር። በጥቅምት 1906 ከቤት ውጭ ሲሥል በዝናብ ተመታ፣ ወድቆ ወደ ቤቱ ተወሰደ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላም አረፈ። እስከዚያች ሳምንት ድረስ ያን ተራራ ዐውቄዋለሁ ብሎ ማየቱን አላቆመም ነበር።

፬. የሞንድሪያን ዛፍና ባሕር

ሁለተኛው ምሳሌ ፒየት ሞንድሪያን ነው። በ1872 በሆላንድ ተወለደ፤ በ1944 በኒው ዮርክ አረፈ። ብዙ ሰው የሚያውቀው በጥቁር ቀጥተኛ መስመሮችና በቀይ፣ በቢጫ፣ በሰማያዊ አራት ማዕዘኖች ነው። እነዚህን ብቻ ያየ ሰው «ማስመሪያ የያዘ ልጅ ሊሠራው የሚችል ነገር ነው» ቢል አይፈረድበትም። ወደዚያ የደረሰበትን መንገድ የተከተለ ግን እንዲህ አይልም።

ሞንድሪያን ከ1908 እስከ 1912 ባሉት ዓመታት ዛፍን ደጋግሞ ሣለ። በመጀመሪያው ላይ ቀይ ዛፍ በሰማያዊ ምድር ላይ ቅርንጫፉን ዘርግቶ ይታያል፤ ዛፍነቱ አያጠራጥርም። በ1911 በተሠራው ግራጫ ዛፍ ላይ ቅርንጫፎቹ ወደ ጕብጥ መስመሮች ተለውጠዋል። በቅርንጫፎች መካከል ያለው ክፍት ቦታም እንደ ቅርንጫፎቹ ክብደት አግኝቷል። በ1912 በተሠራው የሚያብብ የአፕል ዛፍ ላይ ደግሞ የቀረው የቅስቶች መረብ ብቻ ነው። ሦስቱም በሄግ ከተማ ሙዚየም ይገኛሉ። ተራ በተራ የተመለከታቸው ሰው አንድ ነገር ይረዳል፤ ሦስተኛው ሥዕል ዛፍ የሚሆነው ሁለቱ ከፊቱ ስላሉ ነው።

ሞንድሪያን በ1914 አገሩን ሊጎበኝ መጥቶ ሳለ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተጀመረና ወደ ፓሪስ መመለሻ አጣ። በዚያን ጊዜ ዶምበርግ በሚባል የባሕር ዳር መንደር የሚያየውን ባሕር አጠና። ያ የባሕር ዳርቻ ማዕበል እንዲሰብሩ በረድፍ የተተከሉ የእንጨት ምሰሶዎች ያሉበት ነው። በ1915 ከዚህ ጥናት የወጣው ሥዕል በነጭ ላይ የተበተኑ ጥቁር አጫጭር መስመሮች ብቻ ያሉት ነው። አግድሞቹ የውሃውን፣ ቋሚዎቹ የምሰሶዎቹንና ወደ ባሕር የተዘረጋውን መድረክ ነገር ይሸከማሉ። በአተርሎ በሚገኘው የክሮለር ሙለር ሙዚየም ይህን ሥዕል ረጋ ብሎ የተመለከተ ሰው የውሃውን መንቀጥቀጥ ያያል፤ ሆኖም አንድም ማዕበል አልተሣለም።

የሆላንድ ምድር አንድ አራተኛ ያህሉ ከባሕር ወለል በታች የሚገኝ፣ በግድብና በቦይ ከውሃ የተጠበቀ ነው። ማሳው ቀጥ ባለ ቦይ የተከፈለ፣ አድማሱ ቀጥ ያለ፣ የሚቆመው ነገር ሁሉ በአድማሱ ላይ ቀጥ ብሎ የሚታይ አገር ነው። የሞንድሪያን አግድምና ቋሚ መስመሮች ከዚህ ምድር መወለዳቸው አያስደንቅም።

ይሁን እንጂ የሞንድሪያን ጕዞ ጥያቄ ያስነሣል። ከ1920ዎቹ ጀምሮ በሠራቸው ሥዕሎች ላይ ዛፉም ባሕሩም ፈጽሞ የለም። መስመሩ ከምንጩ ተለይቶ በራሱ ቆመ። ለሥዕል ይህ መብት ነው፤ ሥዕል በራሱ ሕግ ሊቆም ይችላልና። ለመሐንዲስ ግን ይህ ደረጃ አደገኛ ነው። የመሐንዲሱ መስመር ምንም ያህል ያማረ ቢሆን ከመሬቱ የተለየ ዕለት ሐሰት ይሆናል። ስለዚህ መሐንዲሱ ከሞንድሪያን መማር የሚገባው እስከ 1915 ያለውን ጕዞ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሊያደንቀው ይችላል፤ ሊከተለው ግን አይችልም።

፭. ሐረግ፣ እርከንና የአገራችን ሠዓሊዎች

ረቂቅ ሥዕል ከውጭ የመጣ፣ ለኢትዮጵያ ዓይን እንግዳ የሆነ ነገር ነው የሚል አስተያየት አለ። ይህን የሚሉ ሰዎች አንድ የብራና መጽሐፍ ከፍተው ቢመለከቱ መልካም ነው። በየምዕራፉ ራስ ላይ የሚታየው በቀይ፣ በቢጫ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ የተጠላለፈው ጌጥ «ሐረግ» ይባላል። ሐረግ በዛፍ ላይ የሚጠመጠም ተክል ነው። ጌጡ ግን ቅጠል የለውም፣ ግንድም የለውም፤ የቀረው መጠምጠሙ ብቻ ነው። ጸሐፊዎቹ ከተክሉ ውስጥ የያዙት ጠባዩን እንጂ መልኩን አይደለም። ስሙን ግን አልተዉትም፤ ስለዚህም ከምን እንደ ተወሰደ እስከ ዛሬ አልተረሳም።

መልክዐ ምድሩ ራሱ በረቂቅ መስመር የተጻፈበት ቦታም በአገራችን አለ። በ2011 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኮንሶ ባህላዊ መልክዐ ምድር በደረቅ ድንጋይ ካብ የተገነቡ፣ በአንዳንድ ቦታ እስከ 5 ሜትር ከፍታ ያላቸው እርከኖች አሉት። እርከኑ የሚሄደው የቁልቁለቱን እኩል ከፍታ ተከትሎ ነው። ሃተን በወረቀት ላይ ያሰመረውን መስመር የኮንሶ ገበሬ በድንጋይ አኖረው፤ አፈሩን የሚይዘውና የዝናቡን ውሃ የሚያዘገየውም ይኸው መስመር ነው። መስመሩ ረቂቅ ነው፤ ግን እህል ያበቅላል።

በሸራ ላይ ረቂቅ ሥዕልን ለአገራችን ተመልካች ካቀረቡት መካከል ስሙ ከፊት የሚነሣው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነው። በ1932 በሐረር ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክርስቲያን ሰውና የብራና መጻሕፍት ሠዓሊ ስለ ነበሩ፣ ልጁ ከሐረግ ጋር የተዋወቀው ገና በሕፃንነቱ ነው። ሥነ ጥበብን በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ተምሮ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ፤ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም መምህር ሆነ። ሥዕሎቹን ሲያሳይ ከተመልካቹ የገጠመው የመጀመሪያ ጥያቄ «ይህ ምንድን ነው?» የሚል ነበር። በቀለሙና በቅርጹ እንጂ በሚመስለው ነገር እንዳይመዘን የሚጠይቅ ሥዕል ለብዙዎች አስቸጋሪ ነበር። እርሱ ግን አላፈገፈገም። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበለ። ባለቅኔም ስለ ነበረ አገሩን በቃልም በቀለምም አስቧል። በ1981 በስደት ሳለ በአሜሪካ፣ በኦክላሆማ አረፈ። ዛሬ በአዲስ አበባ በስሙ የተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሥራዎቹን ይዟል። የማኅበሩ አባላት ከጽሕፈት ቤታቸው ጥቂት መንገድ ሄደው ሊያዩአቸው ይችላሉ።

ከዚህ ትውልድ በኋላ የመጣችው ጁሊ ምሕረቱ በ1970 በአዲስ አበባ ተወልዳ በሕፃንነቷ ከቤተ ሰቧ ጋር ወደ አሜሪካ ሄደች። ሥዕሎቿ ለመሐንዲስ ዓይን ቅርብ ናቸው። በብዙዎቹ ላይ የሕንጻ ንድፎች፣ የከተማ ፕላኖችና የካርታ መስመሮች አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ይገኛሉ፤ በላያቸውም የእጅ ምልክቶች እንደ ነፋስ ወይም እንደ ሕዝብ ጎርፍ ያልፋሉ። በ2017 ለሳን ፍራንሲስኮ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ያስረከበቻቸው ሁለት ግዙፍ ሥዕሎች እያንዳንዳቸው ወደ 8 ሜትር ቁመትና ወደ 10 ሜትር ስፋት አላቸው። መነሻቸው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሣሉ የምዕራብ አሜሪካ መልክዐ ምድሮች ናቸው። እነዚያ አሮጌ ሥዕሎች ምድሪቱን ሰው ያልረገጣት፣ ባለቤት የሌላት አስመስለው ያሳዩ ነበር። ምሕረቱ ይህን ውብ ባዶነት ከዘመናችን የአመፅና የተቃውሞ ምስሎች ጋር ቀላቅላ፣ አደብዝዛ፣ በላዩ ሣለችበት። ሥዕሉ ረቂቅ ቢሆንም የሚናገረው ነገር ግልጽ ነው፤ በሥዕል ላይ ባዶ ሆኖ የታየ ምድር ባዶ አልነበረም።

፮. የሚነሣ ተቃውሞ

ይህን ሁሉ የሰማ ቁም ነገረኛ መሐንዲስ አንድ ተቃውሞ ሊያቀርብ ይችላል፤ ተቃውሞውም ተገቢ ነው። «ሠዓሊ ቢሳሳት ሥዕሉ አይወድቅም። መሐንዲስ ቢሳሳት ድልድዩ ይወድቃል። ኀላፊነት የሌለበት ሙያ ኀላፊነት ላለበት ሙያ ምን ያስተምራል?»

መልሱ እንዲህ ነው። ምሕንድስና ስለ መውደቅ ብዙ ያውቃል። ለጭነት፣ ለነፋስ፣ ለመሬት መንቀጥቀጥ ደንብ አለው፤ ትርፍ ጥንካሬም ያስባል። ደንብ ያልተጻፈለት ግን ሳይወድቅ የሚጎዳ ሥራ ነው። መንገዱ ቆሟል፣ መኪናው ያልፋል፣ ተቆጣጣሪው ፈርሟል። ነገር ግን ሙሌቱ የጎርፉን መውረጃ ዘግቶ የታችኛውን ማሳ አጥቦታል፤ ወይም ቆረጣው የመንደሩን ምንጭ አናግቶታል፤ ወይም ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱበት መንገድ በጥልቅ ቦይ ተቋርጧል። ከእነዚህ አንዱም የስሌት ስሕተት አይደለም። ሁሉም ያለማየት ስሕተቶች ናቸው። የሠዓሊው ሙያ ከመሐንዲሱ የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው፤ ሠዓሊ ካላየ ሥራ የለውም።

ጉዳዩ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ያሳስባል። ቀድሞ ቀያሹ ወደደም ጠላም መሬቱን በእግሩ ይረግጥ ነበር። በየካቲት 2000 አንዲት የጠፈር መንኮራኩር በ11 ቀናት በረራ የአብዛኛውን የምድር ገጽ ከፍታ በራዳር ለካች። ከዚያ የወጣው፣ በ30 ሜትር ርቀት አንድ የከፍታ ቁጥር የሚሰጠው መረጃ ዛሬ ለማንም ክፍት ነው። አንድ መሐንዲስ ከቢሮው ሳይወጣ የመንገድ መስመርና ፕሮፋይል አውጥቶ ማሳየት ይችላል። ይህ ታላቅ በረከት ነው። ነገር ግን በ30 ሜትር አራት ማዕዘን ውስጥ ቤት፣ ምንጭ፣ የመቃብር ስፍራና የዋርካ ጥላ በአንድነት ገብተው ይጠፋሉ። ኮምፒዩተሩ ረቂቁን በቅጽበት ይሰጣል፤ ሴዛን ግን ወደዚያው ረቂቅ የደረሰው ዕድሜውን ሙሉ አይቶ ነው። ሳይታይ የተገኘ ረቂቅና ታይቶ የተገኘ ረቂቅ በወረቀት ላይ ይመሳሰላሉ። በመሬት ላይ ግን አይመሳሰሉም።

፯. ለሥራ የሚሆን ሐሳብ

ንግግር ሁሉ ተግባራዊ ፍሬ ሊኖረው ስለሚገባ፣ ከዚህ በላይ ከተባለው የሚከተሉት አራት ነጥቦች ለአባላት ውይይት ይቀርባሉ።

አንደኛ፣ በማንኛውም የመስክ ጥናት መሣሪያ ከመተከሉ በፊት መሐንዲሱ ግማሽ ቀን ተቀምጦ ቦታውን በእርሳስ ይሣለው። ሥዕሉ ያማረ መሆን የለበትም። የሚሥል ሰው ፎቶግራፍ ከሚያነሣ ሰው ይልቅ ይመለከታል፤ እጁ የሚጠይቀውን ዓይኑ መመለስ አለበትና።

ሁለተኛ፣ ወደ አንድ ቦታ ከአንድ ጊዜ በላይ ይሄድ። በበጋ የታየ ወንዝና በክረምት የታየ ወንዝ አንድ አይደሉም። የሴዛን ሥራ ዋና ትምህርት ይኸው ደጋግሞ መመለስ ነው።

ሦስተኛ፣ በእያንዳንዱ የንድፍ ወረቀት ጥግ፣ ከመለኪያውና ከፊርማው አጠገብ፣ «በዚህ ንድፍ ያልታየ» የሚል አንድ ሣጥን ይጨመር። በሣጥኑ ውስጥ መሐንዲሱ ዐውቆ የተወውን ይጻፍ፤ የአካባቢው ሰው የነገረውን፣ ነገር ግን ያልተለካውን ምንጭ፣ በሁለት ጉድጓዶች መካከል በግምት የተያያዘውን ንብርብር፣ ከብት የሚሻገርበትን ቦታ። ይህ የሴዛን ባዶ ሸራ ነው። ንድፉን የሚቀበለው ተቋራጭ የታወቀውን ካልታወቀው ለይቶ ያያል።

አራተኛ፣ ማኅበሩ በዓመት አንድ ጊዜ ሠዓሊዎችን ከመሐንዲሶች ጋር ወደ አንድ የሥራ ቦታ ይውሰድ፤ ሁለቱም ስለ አንዱ መሬት የሠሩትን ጎን ለጎን ሰቅለው ይነጋገሩ። ወጪው ትንሽ ነው። ሠዓሊው መሬቱ ምን እንደሚሸከም ይማራል፤ መሐንዲሱም ምን እንደ ተወ ይማራል።

ክቡራትና ክቡራን፤ ምሕንድስና ካለ ረቂቅነት አይኖርም። ድንጋዩን ሁሉ፣ ቅጠሉን ሁሉ ይዞ መንደፍ የሚችል ሰው የለም፤ መተው ግዴታ ነው። ነገር ግን ሞንድሪያን ዛፉን የተወው ዛፉን ካወቀው በኋላ ነው፤ የብራና ጸሐፊውም ቅጠሉን ትቶ የሐረጉን ስም ጠብቋል። ከመሐንዲስም የሚጠበቀው ይኸው ነው፤ የሚተወውን ነገር አስቀድሞ ይወቀው፣ ከተወውም በኋላ ስሙን ይጻፍለት።